ዛሬ ማን ጋ ልደውል?

ጂማችን ያለው በአንድ ሕንፃ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ከላይ ፋርማሲና የልብስ መሸጫ አለ፣ ከታች እኛ አለን። አሰልጣኛችንን ሁሉም ሰው ኮች ይለዋል። በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ እኔም ኮች እለዋለሁ፣ እሱ ጋሼ ይለኛል። ኮች አንድ ደብተር አለው። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ በላብ ረጥቦ የደረቀ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ። ስለዚህ ደብተር አንድ ቀን መጻፍ እንዳለብኝ ሲሰማኝ ቆይቷል። አሁን ግን ስለ ደብተሩ ብቻ ልጽፍ አልችልም፤ አፕ ገብቶበታል።

አፑን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ሶፍትዌር ይሠራል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለስፖርት አሰልጣኞችና ለሰልጣኞቻቸው የሚሆን አፕ መሠረቱን ከውጭ ወስደው ለአገራችን ሰው እንዲመች እያሻሻሉ ነበር። አሰልጣኙ ፕሮግራም ያወጣል፣ ሰልጣኙ የሠራውን ይሞላል፣ የእጅ ሰዓቱ እርምጃና የልብ ምት ይቆጥራል፣ ሁሉም በአንድ ስልክ ላይ ይገናኛል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ከደረሰብን ሁሉ በኋላም ግሩም ነው እላለሁ። «ጋሽዬ፣ አንተና ኮችህ ሞክሩልኝና ጉድለቱን ንገሩኝ» አለኝ። ለኮች ነገርኩት። ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ብብቱ ሥር ያዘና «ደብተሬን ተው አይሉኝም አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። አልልህም አልኩት።

በደብተሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ ገጽ አለው። ከላይ ስም፣ ከስሙ ጎን ስልክ፣ ከዚያ ቀኑና የሠራው። እስከዚህ ድረስ ከየትኛውም አፕ አይለይም። የሚለየው በጠርዙ ላይ በጠባብ ጽሕፈት የሰፈረው ነው። የራሴን ገጽ አሳይቶኛል፦ «ስኳት 3 ዙር፣ 12። ቀኝ ጉልበት። ሲነሣ ፊቱን ያጨማድዳል።» ከሥሩ፦ «ሌሊት አልተኛም። አትግፋው።» ዝቅ ብሎ፦ «ለቅሶ ላይ ከርሟል። መራመድ ብቻ።» ከዚያ ደግሞ በአንድ ሐሙስ፣ ያለ ምንም ቁጥር፦ «ዛሬ ሳቀ።» የወንድሜ ሐዘን ላይ የነበርኩበት ወራት ነው። ያን ሐሙስ እኔ አላስታውሰውም፤ ኮች ግን አይቶ ጽፎታል። እንግዲህ አፑ ሊተካው ወይም ሊያግዘው የመጣው ይህን ዓይን ነው። የደረሰብንን ሁሉ የማወራው እዚህ ላይ ቆሜ ነው።

የመጀመሪያው የደረሰብን በሰዓት ምክንያት ነው። ኮች የኔን ልምምድ ሲሞላ 1፡00 ብሎ ጻፈ። ለእሱም ለእኔም ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ጸሐይ ወጥታ ታክሲ ተራው ሲሞላ። አፑ ግን ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልኬ በከበሮና በፉጨት ጮኸ። ባለቤቴ መርዶ መስሏት ጭንቅላቷን ይዛ ተነሣች፤ በዚያ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ ለእኛ ሌላ ትርጉም የለውም። ስልኩን ዘግቼ እሷን ሳረጋጋ ሩብ ሰዓት ሄደ። አፑ በዚህ ጊዜ «ደንበኛዎ አልተገኘም» ብሎ ኮችን ቀሰቀሰው። እሱም በእንቅልፍ ልቡ ስሜን ሲያይ ደነገጠና ደወለልኝ። ባለቤቴ እንደገና ብድግ አለች። ያን ሌሊት ከቤታችን እንቅልፍ ጠፋ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ሲደርስም እኔና ኮች ቤዝመንት ውስጥ እያዛጋን ተገናኘን።

የእህቴ ልጅ ነገሩ በቀላሉ የሚስተካከል መስሎት ነበር፤ 6 ሰዓት መደመርና መቀነስ። ኮች ግን ውጭ አገር ያሉ ሰልጣኞችም አሉት። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የሰፈራችን ልጅ አለች፣ ተቀጣጥረው በቪዲዮ ይሠራሉ፤ ዱባይ ያለ አንድ ሹፌርም አለ። የዱባዩ አያስቸግርም፤ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ በ1 ሰዓት ይቀድማል። አሜሪካ ግን በፈረንጆች መጋቢት ሰዓቷን ወደፊት ትገፋና በኅዳር መልሳ ትጎትታለች፤ እኛ አንነካውም። ስለዚህ በሜሪላንድና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ነው። እዚህ ያልተነካ ቀጠሮ እዚያ አንድ ሰዓት ይንሸራተታል፤ ልጅቱ ከሥራ ወጥታ ስትጠብቅ ኮች ስልኩን ዘግቶ ሄዷል። መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ኮች ነው። «ቁጥሩን ብቻ አታሳየኝ። ከጎኑ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት በልና አስመርጠኝ። ስጨርስ ደግሞ ‹ነገ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ለእሷ ማታ 5 ሰዓት ላይ› ብለህ መልሰህ አንብብልኝ» አለው። አሁን እንደዚያ ይሠራል፤ ጠዋት ከሆነ ጸሐይ፣ ሌሊት ከሆነ ጨረቃ ይወጣል። ይህን ጸሐይና ጨረቃ የሠራችው የቡድናቸው ልጅ ክብር ይገባታል፤ ማንበብ የሚቸገር ሰልጣኝም ሰዓቱን ይረዳዋል።

ቀጥሎ ኔትወርክ ነው። ቤዝመንት መሆናችንን ተናግሬያለሁ። አፑ አንድ ዙር ጨርሰህ «ጨረስኩ» የሚለውን ስትነካ ከሩቅ ካለ ሰርቨር ጋር ካልተነጋገረ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም። አንድ ደቂቃ ማረፍ የነበረብን ሰዎች የሚሽከረከር ቀለበት እያየን ሰውነታችን በረደ። ደረጃ ወጥተው ከፋርማሲው በር ላይ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው የሚመለሱ ነበሩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፤ የዕለቱ ሥራ ከነላቡ ይሰረዛል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲያይ ሁሉም ነገር መጀመሪያ ስልኩ ላይ እንዲቀመጥ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ብቻ እንዲላክ አደረገ። መልካም። ግን አዲስ ጥያቄ ተወለደ፦ ኮች በስልኩ ስኳት 10 ብሎ ከሞላ፣ እኔ በስልኬ 12 ካልኩ፣ ሁለቱ በኋላ ሲገናኙ የትኛው ይጸድቃል? ልጁ «በመጨረሻ የተጻፈው ያሸንፋል፤ ሁሉም ሲስተም እንደዚያ ነው» አለ። ኮች አልተቀበለም። «ጋሼ 12 ካሉና እኔ 10 ከቆጠርኩ፣ ወይ ሁለቱን በግማሽ ነው የወረዱት፣ ወይ እኔ ያን ጊዜ ሌላ ሰው እያየሁ ነበር። በሁለቱም መንገድ መነጋገር አለብን። አንዱን ከደበቅክብኝ በምን እንነጋገራለን?» ይህን ሲል አጠገቡ ቆሜ ነበር። እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲያ ስለ አፕ ማሻሻል ሰው ሲያወራ የማስታውሰው ይህን መልስ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ተደረገ።

አሁን ወደ እንጦጦ ልውጣ። ቅዳሜ ነው። ኮች ዳገት በፈጣን እርምጃ፣ ሜዳው ላይ ሶምሶማ ብሎ አዞኛል፤ እሱ ጂም ውስጥ ሰዎች ስላሉት አልመጣም። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ይዤ ወጣሁ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳር ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። አንድ ሰው በዝቅተኛ ቦታ በሚሄድበት ፍጥነት እዚህ ቢሄድ ልቡ የበለጠ ይመታል። ይህን አትሌቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። አፑ አያውቀውም። አፑ የሚያውቀው አንድ ቀመር ነው፦ 220 ሲቀነስ ዕድሜ። 54 ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ ጣሪያዬ 166 ነው፣ ከዚያ በላይ አደጋ ነው።

ባሕር ዛፉ መሐል ገብቼ ሶምሶማ ስጀምር የእጅ ሰዓቴ ተንቀጠቀጠ። 174 ይላል። እኔ ደህና ነኝ፤ አየሩ ይጣፍጣል፣ እግሬ ይታዘዘኛል። ሰዓቱ ይንቀጠቀጣል። አፑ ለኮች በቀይ ጽሑፍ «ደንበኛዎ አደጋ ላይ ነው» የሚል መልእክት ላከና፣ እኔ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ስገባ ኔትወርክ ተቋረጠ። ኮች ደወለ፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም። እንደገና ደወለ፤ አይችሉም። ለእህቴ ልጅ ደወለ፣ ልጁ ለእናቱ፣ እናቱ ለባለቤቴ። ኮች ሁለት ሰልጣኞች ዱምቤል ይዘው ቆመው ሳለ «አንድ ሰው ወድቆብኛል» ብሎ ደረጃውን በሩጫ ወጣ፣ የኮንትራት ታክሲ ያዘና ወደ እንጦጦ ገሰገሰ።

ሲያገኘኝ ከአንዲት ሻይ ሻጭ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ እጠጣለሁ። ሰላም አላለኝም። ተንበርክኮ የግራ እጄን ሳበ፣ ሁለት ጣቶቹን የእጄ አንጓ ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን በራሱ ሰዓት ላይ ተከለ። «ይናገሩ ጋሼ። ዝም ብለው ይናገሩ።» ምን ልናገር? ስለ ሻዩ ተናገርኩ፣ ስለ ዳገቱ ተናገርኩ። ዓረፍተ ነገሬን ሳልቆርጥ ስጨርስ እጄን ለቀቀና «ደህና ነዎት» ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር፤ ጣቶቹ ግን ቀዝቅዘዋል። ሻይ ሻጯ ሳትጠይቅ ቀድታ ሰጠችው። የታክሲውን ሒሳብ ልከፍል ብል አሻፈረኝ አለ። ባለቤቴና እህቴ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ እየወጡ ነበር።

ማታ የእህቴ ልጅ የቀኑን መዝገብ ዘርግቶ አየው። ሶምሶማ ከጀመርኩበት ደቂቃ አንሥቶ የልብ ምቴ መስመርና የእርምጃዬ መስመር አንድ ላይ ተኝተዋል፤ እግሬ በደቂቃ 174 ሲረግጥ ልቤም 174። ሰዓቱ በቆዳ ላይ አረንጓዴ ብርሃን እየረጨ የደሙን እንቅስቃሴ ነው የሚያነብበው። ቀበቶው ሲላላና እጅ ሲወዛወዝ የእርምጃውን ምት የልብ ምት ነው ብሎ ይወስዳል። የቆጠረው እግሬን ነበር። በዚያ ላይ ቀመሩ ራሱ አማካይ ነው እንጂ የማንም ሰው ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ታናካና ባልደረቦቹ ያወጡት ሌላ ቀመር አለ፤ 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7 እጥፍ። ለእኔ 170 ይሰጠኛል። እሱም ቢሆን የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ አንዱ ሰው ከዚያ በ10 ምት በላይ ወይም በታች ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ «አደጋ ላይ ነው» ብሎ በቀይ መጻፍ የሰው ቤት ማፍረስ ነው። እውነተኛ የደረት ሕመም ያለበት ሰው እዚያ ጫካ ውስጥ ቢወድቅ እርዳታ ማግኘት አለበት፤ ስለዚህ መልእክቱ ይቅር አልልም። ግን አስቀድሞ ሰውዬውን ራሱን ይጠይቅ። «ደህና ነዎት?» ይበልና ትልቅ ቁልፍ ያውጣ። ካልመለሰና ሰውዬው መንቀሳቀስ ካቆመ ለኮች ይንገር። ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ «ኔትወርክ የለም» ይበል፤ የኔትወርክ ዝምታና የሰው ዝምታ አንድ አይደሉም። የእህቴ ልጅ ይህን ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጬ አስጽፌዋለሁ።

ኮች እንጦጦ ላይ ያደረገው ግን ከዚህ ሁሉ የቀደመ ነው። ሰው እየሠራ መናገር ከቻለ ልኩ ነው፤ ቃል ከቆራረጠ ከብዶታል። ጂም ውስጥም ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ «ከ10 ስንት?» ይላል። 4 ካልነው ይጨምራል፣ 9 ካልነው ይቀንሳል። ይህ የገበያ ጨዋታ አይደለም፤ ጉናር ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ የድካም ስሜትን በቁጥር የሚለካ መስፈርት አውጥቷል። የመጀመሪያው ከ6 እስከ 20 ነበር፤ ጤነኛ ሰው የሚሰጠው ቁጥር በ10 ሲባዛ ወደ ልብ ምቱ እንዲጠጋ። በኋላ እስከ 10 የሚሄደው መጣ። ስዊድን ካልኩ አይቀር፣ ለአበበ ቢቂላ ዓይን የሆነለት አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነንም ከስዊድን የመጣ ነበር። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥም፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና በወጣ በሳምንታት ውስጥ ሲያሸንፍም፣ አበበ በእጁ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር አልነበረም። በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ የሚያዩት እየሮጠ ያለውን ልጅ ነው።

ወደ ቶኪዮ ልመለስና ስለ 10 ሺህ እርምጃ ላንሣ፤ አፑ በየማታው «10 ሺህ አልሞሉም» እያለ ያስጨንቀን ነበርና። ይህ ቁጥር ከሐኪም ቤት አልወጣም። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ ለገበያ ካወጣው የእርምጃ መቁጠሪያ ጋር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 17 ሺህ በሚጠጉ አረጋውያን አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የታተመ ጥናት፣ ጥቅሙ በቀን 7,500 እርምጃ አካባቢ ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ ብዙም እንደማይጨምር አሳይቷል። የእኔ እናት ብታየው ኖሮ ከቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለሱን ጽድቅም ጤናም ነው ትል ነበር። የእህቴ ልጅ ቁጥሩን አነሣውና ኮች ለየሰው የሚሰጠው ግብ እንዲገባ አደረገ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። 55 ቀን ነው። አፑ በየጠዋቱ እንቁላል፣ የዶሮ ደረትና እርጎ ያዝዛል፤ ያልበላሁ እንደሆነ የፕሮቲን ቀለበቴ ቀይ ይሆናል። ሽሮ ብዬ ብፈልግ የለም፣ ምስር አለ፣ ሱፍ ፍትፍት አይታሰብም፣ እንጀራ «ፓንኬክ» ከሚባለው ሥር ተቀምጧል። የአገራችን ምግቦች በ100 ግራም ምን እንደሚይዙ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በቀድሞው የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ተቋማችን ተዘጋጅቶ ከታተመ ቆይቷል፤ ለልጁ ነገርኩት፣ አስገባው። ግን ገበታው አንድ ነው፤ ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ይበላል፣ ባለቤቴ ታጎርሰኛለች፣ እኔ ለልጄ አጎርሳለሁ። ማን ስንት ግራም በላ? ኮች በዚህ አይጨነቅም። «ከወትሮው በላይ፣ እንደ ወትሮው፣ ከወትሮው በታች፤ ይቺ ትበቃኛለች» አለ። የምግብ መሙያው ገጽ በሙሉ ወደነዚህ ሦስት ቁልፎች ወረደ። ግራም መመዘን የሚፈልግ ውድድር ያለበት ሰልጣኝ ካለ፣ ሌላው ገጽ ከጀርባ አለለት።

በስቅለት ዕለት ስልኬን ቤት ትቼ ከጠዋት ጀምሮ ስሰግድ ዋልኩ። ሰግዶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ በማግሥቱ ጭንና ወገብ አልታዘዝ ይላል። ማታ ቤት ስገባ አፑ «ዛሬ አልተንቀሳቀሱም፤ ተከታታይ ቀናትዎ ተቋርጠዋል» ብሎ ተከታታይ ቀናቴን የሚያሳየውን የእሳት ምልክት አጥፍቶ ጠበቀኝ። ይህ አስቆጣኝ፤ ዛሬም ያስቆጣኛል። አንድ ሰው በአምላኩ ፊት ሲወድቅና ሲነሣ የዋለበትን ቀን ሰነፍ የሚል ነገር በኪሴ ይዤ መዞር አልፈልግም። በዓሉ አልፎ ጂም ስወርድ ኮች አየኝና ሳልነግረው «ስኳት የለም ዛሬ፤ እናፍታታዎታለን» አለ። ደብተሩ ላይ «ስግደት» ብሎ ጻፈ። አብረውን የሚሠሩ ሙስሊም ወንድሞቻችንም ረመዳን ሲገባ ያው ነው የሚደርስባቸው፤ ያውም የእነሱ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየመጣ ስለሚዞር በአንድ ወር ላይ ተተክሎ አይገኝም። ኮች ከማፍጠሪያ በፊት ቀለል ያለውን፣ ከማፍጠሪያ በኋላ ከበድ ያለውን ይሰጣቸዋል። አሁን አፑ ላይ «ጾም ላይ ነኝ» የሚል ማብሪያ አለ። ሰልጣኙ ራሱ ያበራዋል፣ ማንም አይጠይቀውም። ሲበራ እሳቱ አይጠፋም፣ ሰዓቱ ይሸጋሸጋል፣ ኮችም ጭነቱን እንዲያየው ይነገረዋል።

ክፍያን በአጭሩ ልለፈው። አፑ የውጭ አገር የባንክ ካርድ ይጠይቅ ነበር፤ ከሰልጣኞቹ አንድም ያለው አልነበረም። ሰው በቴሌብር ለኮች ይልካል፣ ኮች «ደርሷል» ይላል፣ አለቀ። እሱን ብቻ አስገቡ።

ዝም ብዬ የማላልፈው ሌላ ነገር ነው። አፑ ሲመጣ የደረጃ ሰሌዳ ነበረው። የኮች ሰልጣኞች ሁሉ ስም፣ ከስሙ ጎን የቀነሰው ወይም የጨመረው ኪሎ፣ ለሁሉም የሚታይ። ማንም ክፈተው ሳይል የተከፈተ ነበር። አንዲት እህታችን፣ ከጠና ሕመም ተነሥታ ሰውነቷን ለመጠገን የመጣች፣ ስሟን ከሰሌዳው ግርጌ በቀይ አየችው። በማግሥቱ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። ኮች ደብተሩን ገልጦ ገጿን አሳየኝ፦ «ሐኪም ክብደት ጨምሪ ብሏታል። 2 ኪሎ ጨመረች። ደስ ብሏታል።» ያችን ደስታ አፑ ውርደት አደረገባት። የሰው ኪሎ፣ የሰው ሕመም፣ የሴት ልጅ እርግዝናና የወር አበባ የማንም መጫወቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ተርታ አስቀምጦታል። ሰሌዳው እንዲነሣ እኔም ኮችም አጥብቀን ተናገርን። የእህቴ ልጅ ጓደኞች «ውድድር ሰውን ያነቃል» ብለው ተከራከሩ፤ ለሚወዳደር ሰው እውነት ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዝግ ሆኖ እንዲጀምር፣ ሰልጣኙ ለኮች የከፈተውን ኮች ብቻ እንዲያየው፣ የጂሙ ባለቤት እንኳ እንዳያየው ተስማማን። ኮች እህታችን ቤት ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል፤ እሱ ባላጠፋው። ተመልሳለች፤ አፑን ግን አልጫነችም፣ ገጿ ደብተሩ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ ግን የመጣው ከሰልጣኙ ወገን አይደለም። ኮች ከሠላሳ በላይ ሰልጣኞች አሉት። የድሮው አፕ ማታ ማታ የእያንዳንዳችንን ግራፍ ያቀርብለት ነበር፤ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። ደክሞት የገባ ልጅ እራቱን በአንድ እጁ እየበላ በሌላው ግራፍ ሲገላብጥ አይቼዋለሁ። ከአሥረኛው በኋላ ዓይኑ ያያል እንጂ አያነብም። የእህቴ ልጅ «ምን ባሳይህ ይጠቅምሃል?» ብሎ ሲጠይቀው ኮች ብዙ አላሰበም። «ጠዋት ስነሣ ዛሬ ማን ጋ ልደውል የሚለውን ንገረኝ» አለው። እረኛ መንጋውን ሲያሰማራ የሚፈልገው የምታነክሰዋን ነው፤ ኮችም የጠየቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የኮች ስልክ ላይ ሦስት ወይም አራት ስም ይወጣል፣ ከየስሙ ጎን ምክንያቱ በአንድ መስመር። «ሁለት ጊዜ ቀርታለች፤ ከዚያ በፊት ድካሙን 9 ብላ ነበር።» «እሱ 12 አለ፣ አንተ 8፤ በተከታታይ።» «ጾም ጀምሯል፤ ጭነቱ አልተቀነሰም።» ከሥሩ የስልክ ምልክት አለ። ግራፉ ለሚፈልገው ከጀርባ አለ። የእህቴ ልጅ ቀጥሎ ማሽኑ ራሱ «አይዞዎት፣ በርቱ» የሚል መልእክት በኮች ስም እንዲልክ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ኮች እዚህ ላይ ፍንክች አላለም። «በስሜ የሚወጣ ቃል ከአፌ ይውጣ። ደውዬ ድምፃቸውን ካልሰማሁ ምን እንዳመማቸው በምን አውቃለሁ?» እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ሐዘን ላይ በነበርኩበት ወራት ማሽን «በርቱ» ብሎኝ ቢሆን ወደዚያ ቤዝመንት አልመለስም ነበር፤ የመለሰኝ የኮች ስልክ ነው።

ገና የቀረ አለ። ኮች ጠርዝ ላይ የሚጽፈውን በድምፅ መናገር ይፈልጋል፤ እጁ ሁልጊዜ ብረት ወይም ሰው ደግፎ ነው ያለው። ከሰልጣኞቹ ግማሾቹ ኦሮምኛ ይቀላቸዋል፤ እሱም ይናገራል፣ አፑ ግን ገና አይናገርም። ሴቶቹን በወንድ አንቀጽ «ጀምር» እያለ የሚያዝዛቸውም አልተስተካከለም። ልጁ ሦስቱንም መዝግቦ ወስዷል፤ ድምፁ መጀመሪያ ይመጣል ብሏል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ የጾሙ ማብሪያ የሚፈተነው ያኔ ነው። እኔ፣ ኮችና የዱባዩ ሹፌር እንሞክረዋለን፤ የሲልቨር ስፕሪንጓ ልጅ ደግሞ በፈረንጆች ኅዳር ሰዓታቸው ሲመለስ ቀጠሮዋ ከቦታው እንዳልተንቀሳቀሰ ልታረጋግጥልን ቃል ገብታለች።